የማይለካው ገበታ

ስሙን የሚያውቁት ሊጠሩት የማይደፍሩት፣ የሚደፍሩት ደግሞ የማያውቁት አንድ አገር ነበረ። ስሙ ይቆየንና ወሬውን እናውጋ።

በዚያ አገር ሁለት ሰፈር ነበረ፤ ላይኛውና ታችኛው። ለሁለቱም ያለው ወንዝ አንድ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ወንዙ ይቀጥናል፤ ለሁለቱም ማሳ በአንድ ጊዜ አይበቃም። ስለዚህ በበጋ ወንዙን ማን ቀድሞ ይጥለፍ የሚለው ነገር በየዓመቱ መቆረጥ ነበረበት። ሌላው አገር እንዲህ ያለውን ነገር በዱላ ይቆርጣል፣ በሽማግሌ ይቆርጣል፣ አንዳንዱም በጋብቻ ይቆርጣል። ይህ አገር ግን በጨዋታ ይቆርጥ ነበር።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አራት ማዕዘን የሆነ፣ እንደ መስተዋት የለሰለሰ የእንጨት ገበታ አደባባይ ላይ ይቀመጣል። ዙሪያው በጠርዝ የታጠረ ነው። በአራቱ ማዕዘን አራት ቀዳዳ አለ፤ በየቀዳዳው ሥር የክር ከረጢት ይንጠለጠላል፣ ሰው ሁሉ “ኪስ” ይለዋል። በመካከሉ ከቀንድ የተቆረጡ ክብ ጠጠሮች ይደረደራሉ፤ ዘጠኙ ነጭ፣ ዘጠኙ ጥቁር። ከየሰፈሩ አንዳንድ ሰው ፊት ለፊት ይቀመጣል። መምቻውን በጣት እየፈነጠሩ፣ አንዱን ጠጠር በሌላው እያስመቱ፣ ከማዶው ጠርዝ እያስነጠሩ፣ የራስን ዘጠኝ ጠጠር በራስ በኩል ባሉት ሁለት ኪሶች ማስገባት ነው። ቀድሞ የጨረሰ ሰፈር ወንዙን ቀድሞ ይጠልፋል። ሌላው የተረፈውን ይጠብቃል፤ የሚተርፈው ምን ያህል እንደሆነ ግን የጠበቀ ያውቀዋል።

ጨዋታው ቀላል ነው፤ ሹመቱ ግን ብዙ ነው። ለአራቱ ኪስ አራት የኪስ ጠባቂዎች ነበሩ። እንዳይመሳጠሩ ተብሎ ዕድሜ ልካቸውን እርስ በርስ ሰላምታ አይለዋወጡም፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ስለነበሩ በእናታቸው ለቅሶ ላይ እንኳ በዓይን ብቻ ተላቀሱ። ጠጠር እንዲንሸራተት ገበታው ላይ ስስ ዱቄት የሚነሰንስ የዱቄት አለቃ ነበረ፤ በሥሩም አንድ ምክትልና ሁለት ወንፊት ተሸካሚዎች። ከሁሉ የሚደንቀው ደግሞ “ባለ እፎይታ” የሚባለው ሹም ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ብድግ ብሎ ስለ ታችኛው ሰፈር አንዴ በረጅሙ ይተነፍሳል። ከዚያ ወዲያ ታችኛው ሰፈር ማዘን አይፈቀድለትም፤ መንግሥት አዝኖለታልና።

ከሹመቱ ሁሉ በላይ ግን አንድ ሕግ ነበረ፤ ገበታ አይለካም። በክር ይሁን በዘንግ፣ ወይም ውኃ በሞላ ጣሳ፣ ገበታውን ሊለካ የሞከረ ሰው ጣቶቹ በእርጥብ ቆዳ ይጠቀለላሉ። ቆዳው ሲደርቅ ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ ጣት አይተርፍም። ለምን ለሚል ሰው ጨዋታውን የሚመራው መሥሪያ ቤት፣ የገበታ ቤት፣ መልሱ አንድ ነበር፤ “መለካት መጠርጠር ነው። መጠርጠር ደግሞ መካድ ነው።” አዲስ ገበታ ሲሠራም ሠሪው ብቻውን ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ይለካል፤ ሲጨርስ መለኪያው ሁሉ ይቃጠላል። ከዚያ ወዲያ ገበታው ቀጥ ይበል ዘመም ይበል የሚያውቅ ከሠሪው በቀር ማንም የለም።

የዚህ ታሪክ ሠሪ ሴት ናት፤ ስሟ አስካለ ይባላል።

አስካለ የታችኛው ሰፈር ልጅ ነበረች። አባቷ ያለውን ሸጦ ሩቅ አገር ልኮ አስተማራት፤ መስመርና ማዕዘን፣ ክብና ስፍር የምታውቅ ሆና ተመለሰች። በዚያ አገር እንዲህ የተማረች ሴት ከእሷ በፊት አልነበረችም። ትምህርቱ ግን ዓይነ አፋርነቷን አልገፈፈላትም። ሰው “እህልሽን በላሁብሽ” ቢላት “ይበቃሃል ወይስ ልጨምርልህ?” የምትል ዓይነት ነበረች። “እምቢ” የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ ይመጣና የሰው ፊት ሲያይ ይመለሳል።

አሮጌው ገበታ በተሰነጠቀ ጊዜ የገበታ ቤት አዛዥ ድልነሳሁ አስጠሯት። አዛዡ ወፍራም፣ ረጋ ያሉ፣ ነገር በቀጥታ መናገርን እንደ ነውር የሚቆጥሩ ሰው ነበሩ።

“ተምረሻል አሉ፣ ልጄ።”

“ትንሽ፣ ጌታዬ።”

“እንግዲያው ውኃ ወዴት ይሄዳል?”

“ወደ ቁልቁል፣ ጌታዬ።”

“ጎሽ! ጠጠርም እንደ ውኃ ነው። ትንሽ ቁልቁለት ካገኘ አይደክምም።” አዛዡ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “አሮጌው ገበታ የገብስ ቅንጣት ታህል ወደ ላይኛው ሰፈር ዘንበል ይል ነበር። ማንም አላዘዘውም። እንጨቱ በራሱ ላይኛውን ሰፈር ይወድ ነበር እንጂ። አዲሱም እንዲሁ ቢወደን ደስ ይለናል።”

“እሺ፣ ጌታዬ።”

“እኔ ምንም አላልኩሽም።”

“ምንም አላሉኝም፣ ጌታዬ።”

ሦስት ወር ከመጋረጃ ጀርባ ገባች። እነዚያ ሦስት ወራት በሕይወቷ ደስ ያላት ጊዜ ነበሩ። የሚያያት ሰው አልነበረማ! ዋንዛ መረጠች። እንጨቱን ስስ ስስ አድርጋ አስሰነጠቀች፣ የአንዱን የተፈጥሮ ጭረት በሌላው ጭረት ላይ አጋድማ በሙጫ አጣበቀች፤ እንዲህ የተጣበቀ እንጨት ፀሐይ ቢመታውም አይጣመምም። ጠርዙን ከወይራ አደረገችው። ወይራው ግን ጠጠሩን እንደ ተቆጣ ሰው አስፈንጥሮ መለሰባት፤ ፊቱን በስስ ቆዳ አለበሰችውና በረደ። ጠጠር ወደ ጠርዙ በመጣበት ስፋት በሌላው ወገን መመለስ አለበት፤ መምህሯ በሰሌዳ ላይ ያሳያትን ያንን ማዕዘን አሁን በጣቷ አየችው። የኪሱ ነገር አሥር ቀን ፈጀባት። ጠባብ ኪስ ጠብ ያመጣል፣ ሰፊ ኪስ ደግሞ ጨዋታውን የሕፃን ያደርገዋል። በመጨረሻ የጠጠሩን ወርድ አንድ ተኩል እጥፍ አድርጋ ቆረጠችው፤ የሰነፍ ጠጠር አፉ ላይ ቆሞ የሚቀር፣ የጎበዝ ጠጠር ድምፁን አሰምቶ የሚገባበት ሆነ። ከዚያም በሰም እየወለወለች አንድ ሳምንት አለሰለሰችው።

በመጨረሻው ቀን የታዘዘችውን ለመፈጸም የገብስ ቅንጣት የምታህል ስንጥር በታች በኩል ካለው እግር ሥር ሰካች። አንድ ጠጠር መሐል ላይ አኖረች፤ ጠጠሩ ማንም ሳይነካው ትንሽ ቆይቶ ተንፏቀቀ፤ እንደ ሌባ ቀስ ብሎ ወደ ላይኛው ኪስ ሄደ።

አስካለ ብቻዋን ሆና ፊቷ ቀላ።

እምቢ ለማለት ታፍራለች። የተጣመመ ሥራ ለማስረከብም ታፍራለች። ሁለት እፍረት እንዲህ ፊት ለፊት ሲገናኙባት ምን ታድርግ? ለሰውየው እሺታዋን ሰጥታዋለች፤ ለእንጨቱ እውነቱን ሰጠችው። ስንጥሩን ነቀለችና ከመለኪያዎቹ ጋር አቃጠለችው።

በዚያ ዓመት ላይኛው ሰፈር አሸነፈ። አዛዥ ድልነሳሁ ጠሯትና ትከሻዋን መታ መታ አድርገው “እንጨቱ ወደደን!” አሏት። “እመቤተ ገበታ” የሚል ማዕረግና ከሹማምንቱ ዳስ ሥር መቀመጫ ተሰጣት። አስካለ ግራ ገባት። ገበታው ቀጥ ነበር እኮ! በተከታዩ ዓመትም ላይኛው ሰፈር አሸነፈ። በሦስተኛውም አሸነፈ።

ነገሩ የገባት ቆይቶ ነው። የታችኛው ሰፈር ሰው ገበታው ወደ ላይ እንደሚያዘነብል ከአባቶቹ ጀምሮ ያውቅ ነበር፤ ይህኛውም እንደሚያዘነብል ሳይጠይቅ ያውቃል። ስለዚህ ማንም ጣቱን አያለማምድም። የጨዋታው ቀን ሲደርስ “ዘንድሮ ተሸንፎ የሚመጣ ማን ነው?” ተባብለው ዕጣ ይጥላሉ። አንድ ዓመት ጥርሱን የሚያመውን ሰው ላኩ። ሌላ ዓመት ፍየሉ የሰው ማሳ የገባችበትን ሰው ለቅጣት ላኩት። ላይኞቹ ደግሞ እንጨቱ ይወደናል ብለው ልባቸውን ሞልተው ይመታሉ፤ ልቡ የሞላ ሰው ደግሞ ጣቱ አይንቀጠቀጥም።

ሰው ሁሉ ጠማማ ነው ያለው ገበታ ቀጥ ሆኖ እንዲህ ዓመታት አለፉበት።

ታችኞቹ አስካለን እንደ ሸጠቻቸው ይቆጥሩ ነበር። በተለይ አብሮ አደጓ ብርቄ፣ ቅቤ ሻጯ፣ አታሳልፋትም። ገበያ ላይ ከሩቅ ስታያት ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች።

“እመቤተ ገበታ! ነይ እስቲ ቅቤዬን መዝኚልኝ! አይ፣ ተይው፣ ተይው። አንቺ ከመዘንሽው ተንከባሎ ላይኛው ሰፈር ይገባብኛል!”

ገበያው ይስቃል። አስካለ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ታስጠጋለች። “ብርቄ፣ ገበታው እኮ ቀጥ ነው” የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ ይመጣል። ብትናገር ወሬው ማታውኑ አዛዥ ድልነሳሁ ጆሮ ይገባል፤ ከአዛዡ ጆሮ እስከ እርጥቡ ቆዳ ያለው መንገድ አጭር ነው። ደግሞስ ማን ያምናታል? የመጀመሪያውን ዓመት ፈርታ፣ ሁለተኛውን አፍራ፣ ከዚያ ወዲያ ለምዳ ዝም አለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዝም አለች።

በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት ዕጣው ለፈንታ ደረሰው።

ፈንታ ሸማኔ ነው፤ ከወንዝ ማዶ መጥቶ ታችኛው ሰፈር ያገባ ሰው። ገበታው ያዘነብላል የሚለውን ነገር ሁሉም ሌላው የነገረው መስሎት ማንም ሳይነግረው ቀርቶ ነበር። ዕጣው ሲወጣለት እንደ ክብር ቆጥሮ በደስታ እጅ ነሣ። ከሰፈሩ ሽማግሌዎች አንዱ ሊነግረው አስቦ “ተዉት፣ ደስ ብሎታል፤ ለምን እናሳዝነዋለን?” ተባለ። ፈንታም ስድስት ሳምንት ሙሉ ሸማውን ትቶ በአሮጌ ሳንቃ ላይ ጠጠር ሲፈነጥር ሰነበተ። ጎረቤት በበሩ ሲያልፍ ከንፈሩን ይመጥጥለታል።

በጨዋታው ቀን ፈንታ አሸነፈ።

የመጨረሻውን ጠጠር ወደ ማዶው ጠርዝ ላከው፤ ከጠርዙ ተመልሶ አንድ ጥቁር ጠጠር ገፋ አደረገና በራሱ በኩል ያለው ኪስ ውስጥ “ጧ” ብሎ ገባ። የላይኛው ተጫዋች ገና ሁለት ጠጠር ቀርቶት ነበር። ባለ እፎይታው እንደ ልማዱ ብድግ አለ፣ አየር ሳበ፣ ግን ስለ ላይኛው ሰፈር መተንፈስ በሹመቱ ውስጥ አልነበረም። ትንፋሹን እንደያዘ ቀላ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ፈንታ ብቻ ተነሥቶ እየሳቀ እጁን ለተሸናፊው ዘረጋ።

በዚያው ሰዓት አሰሩት።

የገበታ ቤት ጉባኤ ተቀመጠ። አዛዥ ድልነሳሁ ነገሩን አቀረቡ፤ “ይህ ሰው በታች በኩል ተቀምጦ አሸንፏል። በታች በኩል ተቀምጦ ማሸነፍ ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ አጭበርብሯል።”

ከኪስ ጠባቂዎቹ ታናሹ “ለምን አይቻልም?” ብሎ ጠየቀ።

ሁሉም ዞር ብለው አዩት። በማግስቱ ሦስተኛ ወንፊት ተሸካሚ ሆኖ ተዛወረ።

ለክሱም ስም አወጡለት፤ “የጣት ድፍረት።” ሐሙስ ዕለት በንጉሡ ፊት ፈንታ ጣቶቹ በእርጥብ ቆዳ እንዲጠቀለሉ፣ ጨዋታውም እንዲሻር ተወሰነ። የሚቀረው የሠሪዋ ምስክርነት ብቻ ነው።

“አንድ ቃል ናት፣ ወይዘሮ አስካለ” አሏት አዛዡ። “‘ገበታው እንደታዘዝኩት ነው’ በይ። ሌላውን የሚረዳ ይረዳዋል።”

“እሺ፣ ጌታዬ” አለች አስካለ። ምላሷ ለምዶ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ፈንታ ወደ ታሰረበት ጎጆ ሄደች። ፈንታ መሬት ላይ ተቀምጦ ከራሱ ጋቢ ጫፍ የመዘዘውን ክር በጣቶቹ መካከል እያሻሸ አገኘችው።

“እትዬ፣ ደህና አደርሽ? ተቀመጪ፤ ወንበር ግን የለኝም” አላት። “እስቲ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አንድ ነገር አስረጂኝ። ዘበኛውን ‘ለምን ታሰርኩ?’ ስለው ‘ስላሸነፍክ’ ይለኛል። ‘ታዲያ ለምን አጫወታችሁኝ?’ ስለው ‘እንድትሸነፍ ነዋ!’ ይለኛል። የእናንተ አገር ነገር እንዲህ ነው እንዴ?”

አስካለ ሳታስበው ሳቀች። ወዲያው አፈረች።

“ገበታውን የሠራሽው አንቺ ነሽ አሉ፣ እውነት ነው?”

አንገቷን ደፋች። ስድቡን ጠበቀች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመደችው ነውና።

“እጅሽ ይባረክ!” አለ ፈንታ። “እኔ ሸማኔ ነኝ፤ ቀጥ ያለን ነገር በጣቴ አውቀዋለሁ። አንድ ክር ብትዛነፍ ዓይኔ ሳያይ ጣቴ ይነግረኛል። ያንቺ ገበታ ግን ጠጠሩን በላክሁት መንገድ ይወስደዋል፣ ጠርዙም በሄደበት ልክ ይመልሰዋል። አያደላ፣ አያኮርፍ! እንዲህ ያለ ቅን እንጨት አይቼ አላውቅም። ለመሆኑ ማነው ያስተማረሽ?”

አስካለ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። ዕንባዋ ወረደ።

“እትዬ! ምን አጠፋሁ?”

“ምንም አላጠፋህም። ይህን የሚለኝ ሰው ስጠብቅ ኖሬያለሁ። እንደምጠብቅ ግን አላወቅሁም ነበር።”

ነገሩ ለፈንታ አልገባውም። ጣቶቹን ዘርግቶ አያቸው። “ነገ ይወስዷቸዋል አሉኝ። ዘበኛው እየቀለደ ነው ስል ነበር፤ ቀልድ አይመስልም። ሦስት ልጆች አሉኝ። ጣት የሌለው ሸማኔ፣ እትዬ፣ ምን ይባላል?”

አስካለ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች።

ሐሙስ አደባባዩ ሞላ። ላይኞቹ በቀኝ፣ ታችኞቹ በግራ ቆሙ። እርጥቡ ቆዳ በገንዳ ውስጥ ተዘፍዝፎ ቀርቧል። ንጉሡ ሸምገል ያሉ፣ ከጨዋታው ሁሉ ጠጠር ኪስ ሲገባ የሚሰማውን ድምፅ ብቻ የሚወዱ ሰው ነበሩ። በእሳቸው ፊት የተነገረ ነገር “ድምፅ አቀባይ” የሚባለው ሹም ጮክ ብሎ ካልደገመው እንደተነገረ አይቆጠርም።

“ወይዘሮ አስካለ” አሉ አዛዥ ድልነሳሁ። “ለንጉሣችን ንገሪያቸው። ገበታው እንዴት ነው?”

“ገበታው...” አለች አስካለ፤ ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማት።

“ገበታው!” ሲል ድምፅ አቀባዩ አምባረቀ።

“እንደታዘዝኩት አይደለም።”

ድምፅ አቀባዩ አፉን ከፈተ፤ ወደ አዛዡ አየ፤ መልሶ ገጠመው።

“ምን አለች?” አሉ ንጉሡ።

“ገበታው እንደ... እህ... እንደታ... ጉንፋን ይዞኛል፣ ንጉሥ ሆይ!”

አስካለ ቀና ስትል ፈንታን አየችው። ሁለት ወታደሮች ይዘውታል፤ አንደኛው ቆዳውን ከገንዳው አውጥቶ እየጨመቀ ነው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ጮኸች።

“ዘንበል አድርጊው ተብዬ ነበር! እሺ ብዬም ነበር! አላደረግሁትም! ገበታው ቀጥ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቀጥ ነበር። ይህ ሰው ያሸነፈው በጣቱ ነው!”

ንጉሡ ጆሯቸውን ቆርቆር አደረጉ። “ይህን ሳይደገምም ሰማሁት” አሉ። ወደ አዛዡ ዞሩ። “ድልነሳሁ፣ ዘንበል አድርጊው ያላት ማነው?”

“ማንም የለም፣ ንጉሥ ሆይ! ማን እንዲህ ይላል?”

“እንግዲያው ገበታው ቀጥ ነው?”

አዛዥ ድልነሳሁ ላብ አጠመቃቸው። ቀጥ ነው ካሉ ሸማኔው ንጹሕ ነው። ያዘነብላል ካሉ ደግሞ “ሳይለካ በምን አወቅህ?” የሚል ጥያቄ ቆሞ ይጠብቃቸዋል፤ ቆዳው ደግሞ ለማንም ጣት ይበቃል።

“ቀጥ ነው” አሉ በመጨረሻ። “ቀጥ ነው፤ ሁልጊዜም... ቀጥ ነበር።”

“ታዲያ ሰውየው ምን አጠፋ?”

“ምናልባት... ትንሽ ቶሎ አሸነፈ፣ ንጉሥ ሆይ።”

ንጉሡ ሳቁ። ንጉሡ ስለሳቁ ላይኞቹም ሳቁ፤ ታችኞቹ ግን አልሳቁም። “ፍቱት” አሉ ንጉሡ። “ወንዙም እንደ ጨዋታው ይሁን።” ወታደሩ የጨመቀውን ቆዳ የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ዱቄት ሲነፋ ለቆየው ወንፊት ተሸካሚ ሰጠው።

የገበታ ቤት ጸሐፊ ብዕሩን አንሥቶ “ስለ ሴትዮዋስ ምን ብዬ ልጻፍ?” አለ። ሹማምንቱ ተንሾካሾኩ። ትእዛዝ አፍርሳለች እንዳይሉ ትእዛዙ አልነበረም። ሲመካከሩ ቆይተው እንዲህ አጻፉ፤ “ያልተሰጣትን ትእዛዝ ሳትፈጽም ቀርታለችና ማዕረጓና መቀመጫዋ ተነሥቷል።” አስካለ “እሺ” አለች። ያንን ቃል በሙሉ ልቧ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር።

ፈተናዋ ግን ገና ነበር። ከዳሱ ወርዳ ወደ ሰፈሯ ሰዎች ስትሄድ ያቀፋት አልነበረም። ብርቄ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መንገዱን ዘጋችባት።

“አንቺ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት!” አለች። “ባሌን ጥርሱን ሲያመው ልከነዋል እኮ! ያበጠ ጉንጩን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ሲመታ አላየሽም? ቀጥ መሆኑን ብናውቅ እርሱን እንልክ ነበር? ስንት በጋ ማሳችን ደርቆ ስናየው ዳስ ሥር ተቀምጠሽ አብረሽን አየሽ!”

“አየሁ” አለች አስካለ።

“ታዲያ ምላስ አልነበረሽም?”

አስካለ የምታመካኝበት ፍርሃት ነበራት፤ እውነተኛ ፍርሃትም ነበር። አላነሣችውም። “እንጨቱን አቃንቼ አፌን አጣመምኩት” አለች። “ቀጥ ያለ ነገር ሠርቶ መደበቅ ጠማማ ከመሥራት የሚሻል መስሎኝ ነበር። ለእናንተ ግን ልዩነት አልነበረውም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ብርቄ።”

ብርቄ ሌላ ስድብ አዘጋጅታ ነበር፤ የሚያርፍበት ቦታ አጣችለት። ዙሪያዋን ተመለከተች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። “በሉ በሉ፣ ምን ታቀረቅራላችሁ!” አለች። “እኛስ አንድ ቀን ጣታችንን አሠርተን ሞከርነው? ይህ እንግዳ መጥቶ ባይሞክረው እንደተጣመመ ይቀር ነበር።” ከዚያ ወደ አስካለ ዞረች። “አንቺ ደግሞ አሁን ሥራ ፈት ነሽ። ለቤቴ አንድ ገበታ ትሠሪልኛለሽ። ቅቤ የሚነካ እጅ ጠጠር አይመታም ያለ ማነው?”

አስካለ ያንን ዓመት ገበታ ስትሠራ ከረመች። መጋረጃ አልነበራትም። ሰው በሯ ላይ ቆሞ ጭረት ስታጋድም ያያል፣ ኪሱን ስትቆርጥ “ሰፋ አድርጊው!” ይላታል፣ እሷም “አይሆንም!” ትለዋለች። ታችኛው ሰፈር በየደጁ “ጧ፣ ጧ” ይል ጀመር። ላይኞቹም ድምፁን ሰምተው ነገሩ አሳሰባቸውና ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያላለማመዱትን ጣት ማለማመድ ጀመሩ። የገበታ ቤትም ሥራ አልፈታም፤ “የቀጥነት መስካሪ” የሚል አዲስ ሹመት አውጥቶ አዛዥ ድልነሳሁን ሾመበት። ሥራቸው ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ተነሥተው “ገበታው ቀጥ ነው፤ ሁልጊዜም ቀጥ ነበር” ማለት ነው። ሲሉት ወደ ሰማይ እያዩ ነው አሉ።

በአዲሱ ዓመት ታችኛው ሰፈር ዕጣ አልጣለም፤ አወዳደረ። ብርቄ ፈንታን በአንድ ጠጠር አሸነፈችውና ስለ ሰፈሩ እሷ ተቀመጠች። የላይኛው ተጫዋችም የዋዛ አልነበረም። ስምንት ለስምንት ደረሱ። ብርቄ የመጨረሻዋን ጠጠር ከማዶው ጠርዝ አስነጠረችው፤ ጠጠሩ መጣ፣ መጣ፣ ኪሱ አፍ ላይ ደርሶ ቆመ። የላይኛው ተጫዋች አንዴ አነጣጠረና ጨረሰ።

ባለ እፎይታው ተነሥቶ በረጅሙ ተነፈሰ። ማንም ልብ አላለውም። የታችኛው ሰፈር ሰው ሁሉ ብርቄን ያያል። ከኋላ አንድ ሰው “መቼም ገበታው...” ብሎ ጀመረ።

ብርቄ ዞረችበት። “ገበታውን ተወው! እኔ ነኝ የሳትኩት!”

በታችኛው ሰፈር ከዚያ በፊት ይህን ቃል የሰማ ሰው አልነበረም። ያለውም አልነበረም።

“ጣቴ ቸኮለ” አለች፣ አሁን ለስለስ ብላ። “የጠርዙን መመለሻ አሳንሼ ገመትኩት። ከርሞ አልቸኩልም።”

በዚያ በጋ ወንዙ ቀድሞ ወደ ላይኛው ሰፈር ሄደ። ታችኞቹ ግን ከአደባባዩ ቁልቁል ሲወርዱ እንደ ወትሮው ዝም አላሉም። ፈንታ መሐል መንገድ ላይ ጎንበስ ብሎ በአፈሩ ላይ መስመር እየሰመረ “እዚህ ጋ ነበር መምታት!” ይላል። የብርቄ ባል “የለም፣ ጥቁሯን ነክቶ ቢመጣ ይገባ ነበር” ብሎ ይከራከራል። ብርቄ ሁለቱንም “ከርሞ ተቀመጡና እናያችኋለን!” ትላለች። ሽማግሌው ጣቱን እያሳየ፣ ሴቱ እየሳቀ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እየተናገረ ወረደ።

አስካለ ከኋላቸው ቀስ እያለች ትሰማለች። ስለ ጣት አወሩ፣ ስለ ጠርዝ አወሩ፣ ስለ መቸኮልና ስለ መዘግየት እስከ ሰፈራቸው ድረስ አወሩ። እንጨቱ ዘመመ ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ለሠራችው ሥራ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ይኖራል ብላ አላሰበችም።